ማኅተም የሌለው የእናቶቻችን ብር

ሐዘኑ አልፎ የሟች ንብረት ሲከፋፈል ቤቱም ከብቱም ብዙ ጊዜ በሰላም ያልቅና ክርክሩ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ ይነሣል። በሣጥኗ ውስጥ ያለው የእናት አልቦ፣ አምባር፣ ድሪና የአንገት መስቀል ነው። አንዱ ልጅ «ይሄማ ንጹሕ ብር ነው» ይላል፤ ሌላው «ቁጥር እንኳ የለበትም» ይላል። ገበያ ሲወጣም ገዢው ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «ማኅተም የለውማ» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ባንክ ተዘግቶ ሳለ፣ በዚሁ ቃል ተሸንፈው የእናታቸውን ብር በጥቂት እህል የለወጡ ከመካከላችን አሉ። ስለዚህ ይህንን የማኅተም ነገር ከሥሩ ልናየው ፈለግን።

በብር ዕቃ ላይ ማኅተም መምታት የአውሮፓውያን ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1300 በወጣ ሕግ የተመረመረ ብር የነብር ራስ ይመታበት ጀመር፤ ኋላም ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ለሆነው ብር የሚራመድ አንበሳ ምልክት ሆነ። ይህ እንዲሆን መርማሪ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። የእኛ አንጥረኛ በዚያ ዘመን ሥራውን የሚያስመረምርበት እንዲህ ያለ ቤት አልነበረውም። እንግዲህ ማኅተም ማጣቱ ስለ ብሩ ምንም አይናገርም፤ እዚህ መሠራቱን ብቻ ነው የሚናገረው።

ታዲያ አያቶቻችን በምን ያውቁ ነበር? ማኅተሙ በጌጡ ላይ ሳይሆን ጌጡ በተሠራበት ገንዘብ ላይ ነበረ። ጌጥ የፈለገ ሰው ጠገራውን ይዞ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል፣ በዓይኑ ፊት ይመዘናል፣ ይቀልጣል። ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ሰዉም ዝም ብሎ አይቀበለውም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁ ሊኖረው፣ ዕንቁውም ተለይቶ ሊቈጠር ይገባል። ከምስሏ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ እነዚህ ጊንዝቡርግ በተባለው ማተሚያ ይሠሩ የነበሩት የሹብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። በዳሩ ዙሪያም «በፍትሕና በምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይዞራል። ዕንቁው የተፋቀ ወይም ፊደሉ የጠፋ እንደሆነ ባለሱቁ «ውሰድልኝ» ይላል። እንግዲህ አገሬው ራሱ መርማሪ ነበረ ማለት ነው።

ዓመቱ ግን አያታልለን። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 (እ.ኤ.አ.) ቀኑ ቆመና ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይኸንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር በአዲግራት፣ በአጉላዕና በእንጣሎ አልፎ ወደ መቅደላ ሲሄድ ለእህሉና ለጋማ ከብቱ የከፈለው በዚሁ ብር ነው፤ የእኛም እንደርታ ከዚያ ሳትደርሳት አልቀረችም። ሙሶሊኒም አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ግድም ማተሚያውን ከቪየና ወስዶ ሮማ ላይ ያስመታ ጀመር፤ ለንደንም ወዲያው ተከተለች። ሁሉም ላይ 1780 ነው። «የሁለት መቶ ዓመት ብር አለን» የሚል ቤተሰብ ምናልባት የሮማውን ይዞ ይሆናል፤ ብርነቱ ግን ያው ብር ነው።

የምኒልክ ብር በፓሪስ ተመትቶ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣ፤ ባንዲራ የያዘው አንበሳ ስላለበት አይጠፋንም፤ ብሩም 835 እጅ ነው። ጣልያኖች ለኤርትራ ያስመቱት የንጉሥ ኡምቤርቶ ብር ግን 800 ነው፤ ትንሽ ያንሳል።

በቁሓና በመቐለ ከጣልያን ዘመን የቀረ ማንኪያ ወይም ትሪ ያላችሁ ደግሞ ጀርባውን እዩት። 800 የሚል ቁጥር ብር ነው፤ አጠገቡ ባለ አራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ የፋሺስቱ የበትርና የመጥረቢያ ነዶ ካለ የዚያው ዘመን ሥራ ነው። «አልፓካ» የሚል ካለበት ግን ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብርማ መልኩ አያታልላችሁ። መለበጥ በእኛም አገር አዲስ አይደለም፤ ከ1937 ዓ.ም. ለውጥ ጋር የወጣውን ክብ ባለ 25 ሳንቲም ሰው እየለበጠ 50 ነው ብሎ ስላስቸገረ እኮ ነው ኋላ ዳሩ ጥርሳም የተደረገው።

አሁን ወደ ሣጥኗ እንመለስ። አንዳንዱ መስቀል ጠገራው ሳይቀልጥ ተቈርጦ የተሠራ ስለሆነ በጀርባው የንግሥቲቱ ፀጉር ወይም የፊደል ቅሪት በፀሐይ ዘንበል ሲደረግ ይታያል፤ ከዚህ የበለጠ ማኅተም የለም። የቀለጠውን መዝኑት፤ 112 ግራም የሚሆን ጥንድ አልቦ የ4 ጠገራ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ አንጥረኛ ነሐስ ይጨምር ነበርና። ብር ሲቈይ ይጠቁራል፤ በብዛት አረንጓዴ የሚያወጣ መዳብ የበዛበት ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት አለበት፤ ካልያዘው ግን ነሐስንም አይዝምና ገና አልታወቀም።

ከከተማችን አጠገብ ቢለት ላይ የተገኙት የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች ከ800 ዓመት በኋላ እንኳ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይነግሩናል። አልቦው ስም የለበትም። ስለዚህ እናት በሕይወት ሳለች ከማን እንደመጣ፣ ስንት ጠገራ እንደገባበት ይጠየቅና ከክብደቱና ከፎቶግራፉ ጋር በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ወራሾቹም ይፈርሙበት። ለሽያጭ ብላችሁ ደግሞ በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት፤ ያ የፊደል ቅሪት በአንድ ፍትጊያ ይጠፋል።