አዝራርን በኮማንድ ባይንዲንግ ማንቃትና ማቦዘን

ኮማንድ ባይንዲንግ በዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ውስጥ አዝራርን ወይም የሜኑ ምርጫን ከሚያስፈጽመው ትዕዛዝ ጋር የማያያዝ ዘዴ ነው። አዝራሩ መቼ እንደሚነቃና መቼ እንደሚቦዝን የሚወስነውም ትዕዛዙ ራሱ ይሆናል። ዘዴው በሰፊው የሚታወቀው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ከዶትኔት ፍሬምወርክ 3.0 ጋር ባወጣው ደብሊው ፒ ኤፍ በተባለው የዴስክቶፕ ገጽታ መሥሪያ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይቀድመዋል። የዴልፋይና የጃቫ ስዊንግ አክሽኖች በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ወደ አንድ ሥራ የሚወስዱ መንገዶች ሲበዙ ነው። «ቅዳ» በሜኑ፣ በመሣሪያ አሞሌ፣ በቀኝ ክሊክና በኮንትሮል ሲ ይገኛል። ባይንዲንግ ከሌለ ፕሮግራመሩ ጽሑፍ በተመረጠ ቁጥር ሁሉንም ለየብቻ ማንቃት አለበት፤ አንዱን ከረሳ ሜኑው ደብዝዞ አዝራሩ ይጫናል።

የደብሊው ፒ ኤፍ አሠራር መሠረት አይኮማንድ የተባለው ኢንተርፌስ ሲሆን ሦስት አባላት ብቻ አሉት። ኤክስኪዩት ሥራውን ያከናውናል። ካንኤክስኪዩት ሥራው አሁን ይቻል እንደሆነ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ይመልሳል፤ ሐሰት ከሆነ አዝራሩ ይደበዝዛል፣ ክሊክም አይቀበልም። ካንኤክስኪዩትቼንጅድ ደግሞ መልሱ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል እንደገና እንዲጠየቅ የሚያሳውቅ ኢቨንት ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው። አዝራሩ ካልነገሩት ደግሞ አይጠይቅም፤ የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ይቀመጣል። ከደብሊው ፒ ኤፍ ጋር የሚመጡት ራውትድ ኮማንዶች ጉዳዩን ኮማንድማናጀር ለተባለው ክላስ ይተዋሉ። እሱም ኪቦርድ ወይም ማውስ ሲነካ፣ ፎከስ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲሻገር ትዕዛዞቹ ሁሉ እንደገና እንዲጠየቁ ያደርጋል። ይመቻል፤ ሆኖም የሚከታተለው የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ እንጂ የዳታውን ለውጥ አይደለም። ከጀርባ ሲወርድ የነበረ ፋይል ቢያልቅ እንኳ «ክፈት» የሚለው አዝራር ተጠቃሚው አንድ ነገር እስኪነካ ደብዝዞ ሊቆይ ይችላል። መልሱ በተደጋጋሚ ስለሚጠየቅም ካንኤክስኪዩት ውስጥ ዳታቤዝ ውስጥ መፈለግ ፕሮግራሙን ያንቀራፍፋል።

ገጽታን ከሥራው ኮድ የሚለየው የኤምቪቪኤም ንድፍ ተጠቃሚዎች ሁለት መንገድ አላቸው። ጆሽ ስሚዝ በ2009 በኤምኤስዲኤን መጽሔት ያስተዋወቀው ሪሌይኮማንድ በኮማንድማናጀር ላይ ይደገፋል። ፕሪዝም የተባለው ላይብረሪ ዴሊጌትኮማንድ ደግሞ ማሳወቁን ለፕሮግራመሩ ይተዋል። ለትልቅ ፕሮግራም ሁለተኛው ይሻላል፦ ኮዱ ይረዝማል እንጂ የትኛው ለውጥ የትኛውን አዝራር እንደነካ ከኮዱ ይነበባል።

የትዕዛዙ ስም ባይንዲንጉ ላይ ተሳስቶ ከተጻፈ አዝራሩ እንደሚጠበቀው አይቦዝንም። ነቅቶ ይታያል፣ ሲጫኑት ግን ምንም አያደርግም፤ ስህተቱን ለማግኘት የዲበገሩን መልእክት ማንበብ ግድ ይላል። የቦዘነ አዝራር ደግሞ ለምን እንደቦዘነ አይናገርም። ምክንያቱን በቱልቲፕ ለማስነበብ የሚፈልግ ፕሮግራመር ሾውኦንዲስኤብልድ የተባለውን ቅንብር ማብራት አለበት፤ ካልሆነ ቱልቲፑ በቦዘነ አዝራር ላይ አይወጣም።