የቀሃን ወንዝ ተከትለን በጎንደር

ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍና በመምህር ቃል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ጥቂት አይደለም። እኛም እንደዚሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ፣ የታሪክ ክበባችን ወደ ጎንደር ወርዶ የቀሃን ወንዝ በእግር ከተከተለ በኋላ ታሪክ በድንጋይና በውሃ ዳርም እንደሚነበብ ተረድተናል። ያየነውንና የተማርነውን ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ ረፋድ ላይ ወለቃን ተሻግረን ከተማው ገባን። ይህ መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞ ዘመን ከምጽዋ በአድዋ በኩል የሚመጣ ነጋዴ ተከዜን ተሻግሮ፣ የልማሊሞን አቀበት ወጥቶና ወገራን አቋርጦ ነበር ጎንደር የሚደርሰው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ/ም የገባው በዚሁ በኩል ነው። ስለዚህ የጎንደር ታሪክ ከእኛ ደጃፍ ይጀምራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከተማ ይኖሩ እንደ ነበር መምህራችን አስተምረውናል። ሠራዊቱ የሰፈረበትን አገር እንጨትና ስንቅ ሲጨርስ፣ ንጉሡ ድንኳናቸውን አስነቅለው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዱ ነበር። በ1624 ዓ/ም የነገሡት ዐፄ ፋሲል ግን በ1628 ዓ/ም ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ። የነገሥታቱ መቀመጫ ስሙ በ«ጎ» ፊደል የሚጀምር ስፍራ እንዲሆን ትንቢት ነበረ እየተባለ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ዓይናችን ያየው ምክንያት ግን ውሃው ነው። ከተማው የተሠራው በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ ነውና፤ በምዕራብ ቀሃ፣ በምሥራቅ አንገረብ ይወርዳሉ።

አስቀድመን 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበውን የፋሲል ግቢ ጎበኘን። ከዚያም ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ከደብረ ፀሐይ ተራራ ግርጌ ወደሚገኘው ቁስቋም ወጣን። ከዚህ በኋላ መንገዱ ከወንዙ ጋር ቁልቁል ስለሚሄድ አያደክምም፤ በዕድሜ የገፉት መምህራችን እንኳ ያለ ችግር ነው የተጓዙት።

በቁስቋም ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1723 ዓ/ም በሕፃንነታቸው ስለ ነገሡ፣ መንግሥቱን በብልሃት ይመሩ የነበሩት እቴጌይቱ ነበሩ። ብሩስ ጎንደር በገባ ጊዜ የተቀመጠው በዚህ ስፍራ ሲሆን፣ በፈንጣጣ የታመሙ የመሳፍንት ልጆችን አክሟል። ዛሬ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለም፤ በግድግዳው ላይ በቀላ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን ይታያሉ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ አፅም በአንድነት በዚያው ተጠብቆ ይገኛል። ይህን ሁሉ ክብርና ኃዘን ባንድ ስፍራ ስናይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ከዚያ ወንዙን ይዘን ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ባለ ግንቡ ቤት በገንዳው ውስጥ በቅስቶች ላይ ቆሟል፤ የትላልቅ ዛፎች ሥሮችም የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። እኛ ስንደርስ ገንዳው ባዶ ነበር። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ግን የቀሃ ውሃ በቦይ እየተመራ ይሞላዋል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ማለዳ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል። ቀሃ ባይኖር ይህ ሁሉ ግንብ ደረቅ ጉድጓድ ሆኖ በቀረ ነበር።

ወደ ታች ስንጓዝ የአዲስ ዓለምን ሰፈር አገኘን። በ1660 ዓ/ም በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር። የሆነ ሆኖ የጎንደርን ገበያ ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር ያገናኙት እነዚሁ ነጋዴዎች ናቸው። የወንዙን ውሃ ቤተ መንግሥቱም፣ ካህኑም፣ ነጋዴውም፣ ሸማኔውም በጋራ ጠጥተውታል።

ጎንደር ብዙ መከራ አይታለች። በ1859 ዓ/ም ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፤ በ1880 ዓ/ም ደርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቷን አነደዱ። በጣሊያን ወረራም ጊዜ ከደባርቅ አጠገብ ያለው የወልቅፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ/ም እጁን ከሰጠ በኋላ፣ የጎንደር ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ/ም ተሸነፈ። ይህን ሁሉ ያለፈው ቅርስ በ1972 ዓ/ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ መዋኛውና ቁስቋምም በመዝገቡ ውስጥ አሉበት።

እሳትና ጦር ያላጠፉትን ግን ቸልተኝነት ሊያጠፋው እንደሚችል በዓይናችን አየን። ከላይ ጠርቶ የሚወርደው ቀሃ ከተማውን ሲያልፍ ይደፈርሳል፤ በዳርና በዳር ፕላስቲክና ጥራጊ ተከምሮበታል። ከከተማው በታች ቀሃና አንገረብ ወደሚገናኙበት ስንደርስ አፍንጫችንን የያዝን ነበርን። በዚያ ከብት ያጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ከደባርቅ ነን ብንላቸው፣ እንግዲያስ አንገረብ ከወገራ በኩል የሚመጣ የእናንተው ወንዝ ነው ብለው ሳቁብን። አፈሩን ግን ያዙልን ሲሉም ጨመሩበት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከከተማው በላይ በአንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ ለጎንደር ሕዝብ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከተራቆተው ዳገት የሚታጠበው አፈር በደለል እየሞላው ያስቸግራል።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ የተነጋገርነው ይህንኑ ነበር። የድንኳን ከተማ እንጨቱንና ውሃውን ሲጨርስ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ግንብ የሠራ ሕዝብ ግን መሄጃ የለውም። ደባርቅም ዳባትም ከእንግዲህ የድንኳን ሰፈር አይደሉም፤ ትምህርት ቤታችንም የተሠራው እንዲቆይ ነው። ስለዚህ ክበባችን በሚመጣው ክረምት ከትምህርት ቤታችን በታች በሚወርደው ጅረት ዳር ችግኝ ለመትከል፣ ከተተከለም በኋላ በየተራ ለመጠበቅ ወስኗል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን እንዲረዱን በትሕትና እንለምናለን። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዚያ ጅረት ዳር ሲያልፉ፣ ውሃው ጠርቶ ቢያገኙት እኛም በታሪክ ውስጥ ትንሽ ስፍራ አገኘን ማለት ነው።