ጣት የለመደው መንገድ የማን ነው?

በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ በጀመርንባቸው ዓመታት ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር ፊደላቱ የሚገኙባቸው ቁልፎችም ይለወጡ እንደነበር የምታስታውሱ አትጠፉም። እኔም መሥሪያ ቤት ስቀይር ጣቶቼ እንደገና «ሀ» ብለው ለመጀመር ተገደው ነበር። ያን ጊዜ ያነሣሁት ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። ፕሮግራሙ የኩባንያው ንብረት ነው፤ ጣቴ የለመደው መንገድስ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ችሎት ቀርቧል። ሎተስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 «ሎተስ 1-2-3» የተሰኘውን የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ለገበያ አቀረበ። የሒሳብ ሠራተኞች ትእዛዛቱን በቃላቸው ያዙ፤ በእነዚሁ ትእዛዛትም የየራሳቸውን ማክሮ ጻፉ። ተፎካካሪው ቦርላንድ የሎተስን ኮድ አልገለበጠም። የሎተስ ደንበኞች እንደለመዱት እንዲሠሩ ግን 469ኙን ትእዛዛት ከነስማቸውና ከነአደረጃጀታቸው በራሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገባ። ሎተስ በ1990 ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤቱም ፈረደለት። በ1995 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ። የትእዛዛቱ አደረጃጀት እንደ ቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ቁልፎች «የአሠራር ዘዴ» ስለሆነ የቅጂ መብት አይጠብቀውም አለ። በ1996 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አራት ለአራት ተከፈሉ። የይግባኙ ፍርድ ጸና፤ አገሪቱን በሙሉ የሚያስገድድ ውሳኔ ግን አልተገኘም።

ከ25 ዓመታት በኋላ፣ በ2021፣ ጥያቄው በኦራክልና በጉግል ክርክር ተመልሶ መጣ። ጉግል ለአንድሮይድ ሲል 11,500 ያህል መስመሮችን ከጃቫ ወስዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሁለት በሆነ ድምፅ «ተገቢ አጠቃቀም ነው» ብሎ ለጉግል ፈረደ። መስመሮቹ በቅጂ መብት ይጠበቃሉ ወይስ አይጠበቁም የሚለውን ዋና ጥያቄ ግን፣ ለክርክሩ ያህል ይጠበቃሉ ብሎ በመነሣት፣ ሳይመልሰው አለፈ።

የሎተስን ወገን ክርክር አልንቅም። ጥሩ ሜኑ ማሰናዳት ድካም ነው፤ ደካሚም ዋጋውን ማግኘት አለበት። ነገር ግን ሎተስ ረትቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሠራተኛው በገዛ እጁ የጻፈው ማክሮ እንኳ በሌላ ፕሮግራም ላይ እንዳይሠራ ይታገድ ነበር። ተጠቃሚው በልምምድ ያፈራው ዕውቀት እርሱን በአንድ ሻጭ ዘንድ የሚያስር ሰንሰለት ይሆናል። ይህ የደራሲ መብት ሳይሆን የሞኖፖል ሥልጣን ነው።

የእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ግን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። እኔ ከዚህ ወገን ነኝ። ኮዱ ለጻፈው ይጠበቅለት፤ ሰው ማሽኑን የሚያዝበት መንገድ ግን ለሁሉም ክፍት ይሁን። ዳኞቻችን አንድ ቀን እንዲህ ያለ መዝገብ ሲቀርብላቸው፣ በችሎቱ የሌለውን ሦስተኛ ባለጉዳይ፣ ተጠቃሚውን፣ እንዳይዘነጉት አደራ እላለሁ።