የመጎተት አቅም እንዴት ቁጥር ሆነ? የናፍጣ ፒክአፕ አጭር ታሪክ



አዲስ የናፍጣ ፒክአፕ ለገበያ በቀረበ ቁጥር ሁለት አኃዞች አብረው ይነገራሉ፤ አንደኛው የሞተሩ ጉልበት፣ ሁለተኛው መኪናው ሊጎትተው የሚችለው ክብደት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሁለተኛው ላይ ያተኩራል። ይህን አኃዝ ማን ለካው? በምን ሁኔታስ ተለካ? የማቀርበው አብነት የአሜሪካ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በ1897 በአውግስቡርግ ሲያስፈትሽ ከነዳጁ ሙቀት ከሩብ በላይ የሚሆነውን ወደ ሥራ መለወጡ ተረጋገጠ። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሞተሩ ግዙፍና ከባድ ስለነበር ወደ ጭነት መኪና የገባው በ1920ዎቹ ነው። ወደ አሜሪካ ፒክአፕ ለመድረስ ደግሞ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት።

የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ፍጆታን ዐቢይ ጉዳይ ባደረገበት ወቅት፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1978 ባለ 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር አቀረበ። የሞተሩ ንድፍ በአብዛኛው ከቤንዚን ሞተር የተወረሰ ነበር። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ግለት በመሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከቤንዚኑ ይበልጣል። ቴስታታውን የያዙት ቡሎኖች ይህን ጫና ለመቋቋም ተቸገሩ፤ ሞተሩም በ1985 ከምርት ወጣ።

ዶጅ በ1989 የተከተለው መንገድ የተለየ ነበር። ፒክአፑ ላይ የገጠመው የከሚንስ ሞተር ለእርሻና ለግንባታ መሣሪያዎች ጭምር የታሰበ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ነው። ይዘቱ 5.9 ሊትር፣ ጉልበቱ 160 የፈረስ ጉልበት፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ (ቶርኩ) 542 ኒውተን ሜትር ነበር። ጭነትን ከቆመበት የሚያስነሣውና ዳገት የሚያስወጣው በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው ይህ ቶርክ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የራም ፒክአፕ ባለ 6.7 ሊትር የከሚንስ ሞተር 400 የፈረስ ጉልበትና 1,356 ኒውተን ሜትር ደረሰ። ይዘቱ የጨመረው 14 በመቶ ገደማ ሲሆን ጉልበቱም ቶርኩም ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነዋል። ልዩነቱን ያመጡት ብዙ አየር የሚያምቀው ቱርቦ፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኤሌክትሮኒክስ ቁጥጥር የሚረጨው ሥርዓት ናቸው።

ጉልበቱ ሲያድግ የአኃዝ ፉክክሩም ጦፈ። እያንዳንዱ አምራች የመጎተት አቅምን በራሱ ዘዴ ይለካ ስለነበር የሁለት ኩባንያዎችን ቁጥር ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለውን የጋራ መለኪያ በ2008 አወጣ። ከፈተናዎቹ አንዱ በአሪዞና የሚገኘው የዴቪስ ግድብ ዳገት ነው። ፒክአፑ ተሳቢውን እየጎተተ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሙቀቱ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማቀዝቀዣውም ሙሉ በሙሉ የተከፈተ መሆን አለበት። የኋላ ጎማው ነጠላ የሆነ ፒክአፕ ፍጥነቱ ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት መውረድ የለበትም።

ቶዮታ መለኪያውን በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ሲተገብር የቱንድራ ፒክአፑ አኃዝ ዝቅ አለ። መኪናው አልደከመም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ተፎካካሪዎቹ ግን ለዓመታት ዘገዩ። ቀድሞ እውነቱን የተናገረ በገበያ ደካማ መስሎ ይታይ ስለነበር መዘግየታቸው አያስደንቅም።

ለእኛስ? የአሪዞናው ዳገት የሚያበቃው ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበቱን በጉልህ ያጣል፤ ቱርቦ ያለው ጉድለቱን በአመዛኙ ያካክሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ ሾፌር ደግሞ የፍሬኑ ብርታት ከሞተሩ ጉልበት አያንስም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ አኃዝን እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ መርምሩት። ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደጻፈውና ምን እንደተወ ጠይቁ። በሰው ሕይወት ላይ የሚወሰን ጭነት በማስታወቂያ ቁጥር ብቻ ሊወሰን አይገባምና።