የ1993ቷ የዋስትና ትእዛዝና ዳኛዋ

ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በፖለቲከኝነታቸው ወይም በምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነታቸው ነው። ስድስት ኪሎ ሕግ ለተማርን ሰዎች ግን ስማቸው ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን የዳኝነት ወንበሩ ነው። እኔም እዚህ ላነሳ የፈለግሁት እሱኑ ነው።

በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተሸናፊው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ብዙም ሳይቆይ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው የቀረበው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ዘንድ ነበር፤ ከእኛው ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቁ፣ ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ዳኛ ዘንድ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል፤ ልዩ ምክንያት የሚፈልገው መከልከሉ ነው። ይህንን እንግዲህ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ይመልሰዋል። ከባዱ መልሱ አይደለም። ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ፣ እንዲታሰር የሚፈልገውም ማን እንደሆነ እያወቁ ያንኑ መልስ ችሎት ላይ መናገሩ ነው የሚከብደው። ዳኛዋ አቶ ስዬ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ።

አቶ ስዬ ግን ቤታቸው አልደረሱም። ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ወዲያውም ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና ተጠርጥሮ ለተያዘ ሰው ዋስትና የለም፣ በቃ።

በጨዋታ መሀል ሁለቱ ነገሮች ሲደባለቁ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አዋጁ መጥፎ ሕግ ነው ቢባል እኔም እስማማለሁ፤ ቢሆንም ሕግ ማውጣት የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው። የዳኛ ትእዛዝ ደጃፍ ላይ ሲሻር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትእዛዙ ተሳስቷል የሚል ወገን ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። ያ መንገድ ከተዘለለ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ማለቱ ለማን ነው?

አቶ ስዬ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ስድስት ዓመት ታሰሩ። ዳኛዋም ወንበሩን ለቀው ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታሰሩ፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በ1999 በይቅርታ ወጡ። በ2001 ይቅርታው ተሰርዞ ቃሊቲ ተመለሱ፤ የተፈቱት በ2003 መጀመሪያ ነው። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ እሳቸው የሚመሩትን አንድነት ፓርቲ ከተቀላቀሉት አንዱ፣ መቼም የሚገርም ነው፣ አቶ ስዬ ነበሩ። ከዚያ ስደትና ሃርቫርድ፣ በ2011 ደግሞ ወደ አገር መመለስና እስከ 2015 የዘለቀው የምርጫ ቦርድ ኃላፊነት መጣ። ስለዚያ ብዙ ተብሏል።

አዋጁስ? ያው ምክር ቤት የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ዋስትናን መልሶ ፈቀደ፤ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ብቻ ሲቀር። ዳኛዋ ግን ያን ጊዜ ችሎት ላይ አልነበሩም።