ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ የኢቮና የሱባሩ ክርክር

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነበረ። «ምሳ ቀርቧል በይው» ተብዬ ታላቅ ወንድሜን ልጠራ በሄድኩ ቁጥር ከበሩ ላይ የምሰማው ክርክር ያው አንድ ነው። «ኢቮ ይበልጣል!» ይላል አንዱ። «ዝም በል! ሱባሩን የሚያክል የለም!» ይላል ሌላው። ጨዋታው ግራን ቱሪስሞ ነው። ከተከራካሪዎቹ መካከል መኪና ያለው ቀርቶ ዕድሜው ለመንጃ ፈቃድ የደረሰ አልነበረም። ግን እንደ አርሰናልና እንደ ማንቸስተር ደጋፊ ጎራ ለይተው ይፋጃሉ። አንድ ቀን ደፍሬ «የትኛው ነው ግን የሚሻለው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ወንድሜ ዞር ብሎ እንኳን ሳያየኝ «አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ? ሂጂ፣ መጣሁ በያቸው» አለኝ።

አልረሳሁትም። ቂመኛ ነኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ስመረቅ ከያዝኳቸው ዕዳዎች አንዱ ይህ ነበር፤ ያልተመለሰ ጥያቄ። እነሆ ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ አደራ እንዳትደናገሩ።)

ታሪኩ የሚጀምረው በሞት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና የሚካሄደው «ግሩፕ ቢ» በሚባል ደንብ ነበር። ደንቡ ልል ስለነበር ኩባንያዎቹ ጥቂት መኪና ብቻ ሠርተው ለውድድር ያሰልፋሉ። ከ450 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላቸው ጉዶች በጫካ መንገድ፣ ግራና ቀኝ በቆመ ሕዝብ መሐል ይከንፋሉ። 1986 ላይ ፖርቱጋል ውስጥ አንድ መኪና ተመልካች መሐል ገባና ሰው ገደለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ በኮርሲካ ደሴት ፊንላንዳዊው ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ገደል ገብተው ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ግሩፕ ቢ ተዘጋ።

በቦታው ከ1987 ጀምሮ ዋነኛ የሆነው ደንብ «ግሩፕ ኤ» ነው። ይህ ደንብ ለኩባንያዎቹ ያለው ነገር ቀላል ነው፦ መወዳደር ከፈለግህ፣ የምትወዳደርበትን መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ 5,000 ሠርተህ ለማንኛውም ሰው ሽጥ። ኋላ ላይ ቁጥሩ ወደ 2,500 ወረደ። በእኛ አነጋገር፣ የጉግስ ፈረስህን ለጎረቤትህም ሽጥለት እንደማለት ነው። ዛሬ የምንከራከርባቸውን ሁለቱን መኪኖች የወለደው ይህ አንድ የደንብ አንቀጽ እንጂ የመሐንዲስ ሕልም አይደለም።

ከ1987 እስከ 1992 የአምራቾቹን ዋንጫ በተከታታይ ስድስት ጊዜ የወሰደችው የጣሊያኗ ላንቺያ ዴልታ ነበረች። ጃፓኖቹ ሚትሱቢሺ በጋላንት፣ ሱባሩ በሌጋሲ ሊከተሏት ሞከሩ። ሁለቱም መኪኖች ለጠባብ መንገድ ረዘሙ፣ ከበዱ። ሁለቱም ኩባንያዎች የመጣላቸው መላ ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር፦ የትልቁን መኪና ሞተርና በአራቱም ጎማ የሚነዳ ማስተላለፊያ አውጥቶ ትንሽ የቤት መኪና ውስጥ መክተት። ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን በኦክቶበር 1992፣ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ በኖቬምበር 1992 ወጡ። በአንድ ወር ልዩነት ማለት ነው! የመጀመሪያዎቹ 2,500 ኢቮዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሽጠው አለቁ።

አሁን ወደ ጉልበት እንምጣ። የሁለቱም ሞተር ሁለት ሊትር ነው፣ ባለ ቱርቦ። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በከንቱ ማርሚታ ውስጥ ገብቶ ከሚጠፋ፣ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ መዘውር እንዲያሽከረክር ማድረግ ነው። ያቺ መዘውር ሌላኛዋን ታሽከረክራለች፣ ሌላኛዋ አየር ጨቁና ወደ ሞተሩ ትልካለች። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይጨመራል፣ ጉልበት ይወለዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማውን ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር አብዛኛውን መጨቆን ይችላል። ጭነት ተሸክመው እንጦጦን የሚወጡ የጭነት መኪኖች ቱርቦ የሚኖራቸው ያለ ነገር አይደለም።

ኢቮ በ250 የፈረስ ጉልበት ጀመረ፣ ኢምፕሬዛ በ240። ከዚያ ፉክክሩ ደራ። 1994 ላይ ኢቮ 260 ሲሆን፣ ሱባሩ ኤስ ቲ አይ የሚለውን ልዩ ዓይነት በ250 አወጣ። በ1995 ኢቮ 270፣ ሱባሩ 275። በ1996 ሁለቱም 280 ላይ ደረሱና ቀጥ አሉ። ለምን? የጃፓን አምራቾች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ከ280 በላይ ብለን አናስተዋውቅም» የሚል የጨዋ ስምምነት ነበራቸው። ስምምነቱ እስከ 2004 ቆየ። ስለዚህ የወንድሜ ጓደኞች ሲጣሉበት የነበረው የጉልበት ቁጥር ለዓመታት በወረቀት ላይ እኩል ነበር። አስቡት፣ ያ ሁሉ ምራቅ!

ጉልበቱ በወረቀት ላይ ሲቆም ብልሃቱ ወደ ሌላ ዞረ። ኢቮ ከ1996 ጀምሮ የኋላ ሁለቱን ጎማዎች ጉልበት በኤሌክትሮኒክስ እየከፋፈለ መታጠፊያ ላይ መኪናውን የሚያዞር መሣሪያ አመጣ። ሱባሩ ደግሞ በአንዳንድ ዓይነቶቹ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ድርሻ ሹፌሩ በጣቱ እንዲያስተካክል ፈቀደ። አንዱ «እኔ አስብልሃለሁ» ሲል፣ ሌላው «አንተው አስብ» የሚል ይመስላል።

በሜዳው ላይስ? እንግሊዝ አገር ባለው ፕሮድራይቭ በተባለው ቡድን የተዘጋጁት ኢምፕሬዛዎች ከ1995 እስከ 1997 የአምራቾቹን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ወሰዱ። ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬይ በ1995 በ27 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ፊንላንዳዊው ቶሚ ማኪነን መጣና ከ1996 እስከ 1999 የሹፌሮችን ዋንጫ በኢቮ አራት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 1997 ላይ ደንቡ ተለውጦ ኩባንያዎች ለሕዝብ ከሚሸጡት መኪና በጣም የራቀ የውድድር መኪና መሥራት ተፈቀደላቸው። ሱባሩ ወደ አዲሱ ደንብ ሄደ። ሚትሱቢሺ ግን እስከ 2001 በአሮጌው ግሩፕ ኤ ቆየ። ማኪነን ሲያሸንፍበት የነበረው መኪና ለሱቅ ከሚቀርበው ኢቮ ብዙም የራቀ አልነበረም።

1998 ላይ የሆነውን ካልነገርኳችሁ ግን ይቆጨኛል። ዓመቱ ሊያልቅ የመጨረሻው ውድድር እንግሊዝ አገር ነው። ማኪነን በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ በፈሰሰ ዘይት ተንሸራትቶ ከኮንክሪት ጋር ተጋጨና ወጣ። ዋንጫው ለስፔናዊው ካርሎስ ሳይንዝ ነው፤ አራተኛ መውጣት ብቻ ይበቃዋል። የሚነዳው ምን መሰላችሁ? ቶዮታ ኮሮላ! እኛ አገር «አይሞትም» ብለን የምንምልበት ኮሮላ። የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲቀረው ሞተሩ ጨሰና ቆመ። ረዳቱ ሉዊስ ሞያ በንዴት የራስ ቁሩን ወርውሮ የመኪናውን የኋላ መስታወት ሰበረ። ማኪነን በሌለበት ሻምፒዮን ሆነ። የሞተር ጥንካሬ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይሉ የለ አባቶቻችን? ያልደረሰ ፈረስ ምን ይደረጋል?

ጎረቤታችን ኬንያም ፈትናቸዋለች። የሳፋሪን ራሊ አቧራና ጉድጓድ በ1996 ማኪነን በኢቮ፣ በ1997 ማክሬይ በኢምፕሬዛ አሸነፉት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርንስ ደግሞ በ1998 በሚትሱቢሺ፣ በ2000 በሱባሩ አሸንፏል። ክርክሩን ለመዳኘት ከእሱ የተሻለ ምስክር ባልተገኘ ነበር፤ ግን በ2005 በአንጎል ዕጢ በ34 ዓመቱ አረፈ።

ዋጋ። ደብሊው አር ኤክስ አሜሪካ የገባው በ2001 በ227 የፈረስ ጉልበት፣ ወደ 24 ሺህ ዶላር ነበር። ገበያው ሲደራ ሚትሱቢሺም በ2003 ኢቮን በ271 የፈረስ ጉልበት፣ በ29 ሺህ ዶላር ገደማ ይዞ መጣ። ሱባሩ በዚያው ዓመት ባለ 2.5 ሊትሩን ኤስ ቲ አይ በ300 የፈረስ ጉልበት፣ በ31 ሺህ ገደማ መለሰለት። ሁለቱም ከቆሙበት ተነስተው በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 5 ሴኮንድ ገደማ ይበቃቸዋል። በዚያ ጊዜ ቢኤምደብሊው ኤም 3 ከ45 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ለዚህ ነው የመካከለኛ ገቢ ልጆች በፍቅር ያበዱት። «ቱ ፋስት ቱ ፊውሪየስ» ላይ ፖል ዎከር የነዳትን ቢጫ ኢቮ የማያስታውስ አለ?

ግን ርካሽ ፍጥነት ዕዳው ኋላ ይመጣል። ዕዳው ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው።

የኢቮ ሞተር 4ጂ63 ይባላል። ቱርቦ ያለው ዓይነት ከ1987 ጋላንት ጀምሮ እስከ 2007 ድረስ አገልግሏል። ገላው የብረት ነው፤ ከባድ፣ ያረጀ አሠራር፣ ግን ቻይ። ባለቤቶች ቱርቦውን እያሳደጉ ከፋብሪካው ጉልበት እጥፍ ሲያወጡበት ገላው ተሸክሟል። ደካማ ጎኑ ቺንጋው ነው፤ በ96 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቮላና ፒስተን ያጋጫል።

የሱባሩው ኢጄ ይባላል። ፒስተኖቹ እንደ ቦክሰኛ ቡጢ ግራና ቀኝ ተጋድመው ይመታሉ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መኪናው መታጠፊያ ላይ አይናወጥም፤ ያ ጉርምርም የሚል ድምፁም የጭስ ቱቦዎቹ ርዝመት ስለማይመጣጠን የመጣ ነው። ገና ሲወለድ ጠንካራ ነበር። በ1989 መጀመሪያ ሁለት ሊትሩ ቱርቦ በሌጋሲ ላይ ሆኖ አሪዞና ውስጥ 100,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ 223 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሮጦ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ወደ አሥራ ስምንት ቀን ተኩል ሌሊትና ቀን ማለት ነው!

ታዲያ «ሱባሩ ሞተር ያወርዳል» የሚለው ስም ከየት መጣ? በብዛት ከ2.5 ሊትሩ። ጉልበት ለመጨመር ሲሉ የፒስተኑን ቀዳዳ ከ92 ወደ 99.5 ሚሊ ሜትር አሰፉት፤ ሲሊንደሮቹ የሚራራቁበት ልክ ግን ያው ነበር። መሐል ያለው ግድግዳ ሳሳ። ነዳጁ ጥራት ሲጎድለው ወይም ባለቤቱ ቱርቦውን ከልክ በላይ ሲያስጨንቀው፣ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳና ፒስተኑ ላይ ፋሻው የሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰበራል። ዘይት ሲጎድል ደግሞ የቤላው ብሮንዝ ይበላል። ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ ነው፤ ሌላ መላ የለም።

ኢቮም ኤስ ቲ አይም አሁን አይሠሩም። ሚትሱቢሺ ከዓለም ራሊ በ2005 መጨረሻ፣ ሱባሩ በ2008 መጨረሻ ወጡ። ሜዳው ሲጠፋ ፈረሱን የሚቀልብ ምክንያት ጠፋ። የመጨረሻው ኢቮ የተሠራው በ2016 ነው። ሱባሩ በ2019 የሁለት ሊትሩን ሞተር በ555 መኪኖች ተሰናበተ፤ በ2022 ደግሞ ቀጣዩን ኤስ ቲ አይ በቤንዚን ሞተር እንደማይሠራ አስታወቀ። አንዱ ሌላውን አሸንፎ አይደለም። አንደኛው ሲሞት ሌላኛው የሚፎካከረው አጣ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በጉልበት፦ እኩል፣ ያውም በስምምነት። በዋጋ፦ መግቢያው ላይ ሱባሩ፣ ከላይኛው ደረጃ ኢቮ። በሞተር፦ ከ2007 በፊት የተሠራ ኢቮ ከባለ 2.5 ሊትሩ ሱባሩ ይሻላል፤ ባለ ሁለት ሊትሩ ሱባሩ ግን ስሙን በማይገባው ተሰድቧል። ጉልበት ሻጩ የሚነግራችሁ ነው፣ ዋጋ አንድ ቀን የምትከፍሉት ነው፣ ሞተር ግን ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትኖሩበት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የማየው ሦስተኛውን ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ለወንድሜ ደወልኩለት። አሁን አግብቶ ወልዷል፣ የሚነዳውም ቪትዝ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እጁን ሰጠ ብዬ ደስ ሊለኝ ስል፣

«አንቺ፣» አለኝ፣ «እኔ ዘይት የቀየርኩት መቼ ነበር?»

ቸር እንሰንብት።