ራስና ጕተና

አባቶቻችን «ራስ ሳይጠና ጕተና» ብለው የተናገሩት ቃል በአነጋገሩ አጭር ነው፤ በምሥጢሩ ግን ሰፊ ነው። ጕተና ማለት በሕፃንነት ሲላጭ በኖረው ራስ ላይ፣ ልጁ ለዐቅመ አዳም ሲቃረብ እንዲያድግ የሚተወው ጠጕር ነው። ስለዚህ ተረቱ ጠጕርን የሚነቅፍ አይደለም፤ ቅደም ተከተልን የሚያስተምር ነው። ይኸውም አስቀድሞ ራስ ይጥና፣ ጕተናው ከዚያ በኋላ ይከተል ማለት ነው።

ይህን ቃል ዛሬ እንድናነሣው ያደረገን በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ክርክር ነው። ጠጕሩን ያጐፈረ ወይም ሹሩባ የተሠራ ጐልማሳ ለመምህርነት፣ ለጸሐፊነት ወይም ለገንዘብ ያዥነት በቀረበ ጊዜ አንዱ «ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው እንጂ የአገራችን ልማድ አይደለም» ይላል። ሌላውም «አርበኞች አባቶቼ እንዲህ ነበሩና ማን ይከለክለኛል» ብሎ ይመልሳል። በእኛ በሉማሜና በደብረ ማርቆስ አገር ነገሩ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል፤ ባለ ጎፈሬ አርበኞች ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ በረሓ የተዋጉበት ምድር ነውና። ሁለቱም ወገን ታሪክን ለምስክርነት ይጠራል። እንግዲህ ምስክሩ የሚናገረውን ሰምተን እንፍረድ።

በቀድሞው ዘመን የሰው ጠጕር ግብሩን የሚናገር ምልክት ነበረ። ገበሬው ፀሓይና ትቢያ ስለሚበዛበት ራሱን ይላጫል ወይም ያሳጥራል። ካህኑ ጠጕሩን ተላጭቶ በጥምጥም ይሸፍናል። ሐዘንተኛ ይላጫል። ባሕታዊው ዓለምን ንቆ በገዳምና በዋሻ ሲኖር፣ ራሱን ለማስጌጥ አሳብ ስለሌለው ጠጕሩ እንደ በቀለ ይረዝማል። የጦር ሰው ግን ጀብዱ በሠራ ጊዜ ያጐፍራል ወይም ሹሩባ ይሠራል፤ ቅቤም ይቀባል። ስለዚህ ባላገሩ በመንገድ ያገኘውን ሰው ራሱን አይቶ ከምን ወገን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

ነገሥታቱም ከዚህ ልማድ የወጡ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሹሩባቸው የታወቁ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ ከራሳቸው ጠጕር ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በሎንዶን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ ቈይቶ፣ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ከመቅደላ እስከዚያ ቀን 151 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንግዲህ የወንድ ረዥም ጠጕር ባዕድ ልማድ ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። ያ ጠጕር በነበረበት ዘመን የንጉሡ የሥራ ስፍራ ድንኳንና የጦር ሰፈር ነበረ፤ ሹሩባውም ከጋሻውና ከጦሩ ጋራ የሥራው ልብስ ነበረ።

አንዳንዱ ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛይቱ መልእክት ረዥም ጠጕር ለወንድ ነውር እንደ ሆነ መጻፉን ጠቅሶ ክርክሩን ለመዝጋት ይሻል። ነገር ግን ያው ሐዋርያ ስለት ስለ ነበረበት በክንክራኦስ ራሱን እንደ ተላጨ በግብረ ሐዋርያት ተጽፏል። የስለቱም ሥርዐት በኦሪት ዘኍልቍ የታወቀ ነው፤ ናዝራዊው በስለቱ ወራት ምላጭ በራሱ ላይ አያሳርፍም፤ ስለቱ ሲፈጸም ግን ተላጭቶ ጠጕሩን በመሥዋዕቱ እሳት ላይ ያኖራል። በዚህ ረገድ ረዥም ጠጕር የራሱ ክብር የለውም፤ ክብሩ ከታሰረበት ስለት ነው። ሶምሶንና አቤሴሎም ሁለቱም ባለ ረዥም ጠጕር ነበሩ። የሶምሶን ጠጕር የስለት ጠጕር ነበረ። አቤሴሎም ግን ጠጕሩን በየዓመቱ እያስቈረጠ 200 ሰቅል ያስመዝን ነበር፤ በከተማውም በር እየቆመ ለፍርድ የመጣውን ሕዝብ በለዘበ ቃል ከአባቱ ልብ ያርቅ ነበር። በዚያ በር የሠራው ዐመፅ ከልቡ የመጣ ነው፤ ጠጕሩን አሳጥሮ ቢሆን ኖሮም ያው ዐመፀኛ ነበረ።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ያዘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሕዝቡ መሣሪያ ይገፈፍ በተባለ ጊዜ፣ ከሌላውም በደል ጋራ ተደምሮ፣ በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በሰፊው ተነሣ። ልጅ ኀይሉ በለው፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እንዲሁም በላይ ዘለቀ በየበኩላቸው ሠራዊት እየመሩ ተዋጉ። በዱር የነበረው አርበኛ ጠጕሩን አሳደገ፤ ለመላጨት ፋታ አልነበረውምና፣ አገር ነፃ ሳትወጣ ራሴን አልላጭም ያለም ነበረና። በዚያ ዘመን ጎፈሬ መንደር ውስጥ ያስጠረጥር ነበር፤ ያጐፈረ ሰው ከጠላት ጋራ እንዳላደረ ራሱ ይመሰክርበታልና።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ሌላ ዐይነት ነበረ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ገዥን በደመወዝ የሚያድር፣ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር መልስ የሚሰጥ የመንግሥት ሠራተኛ አደረገው። ቀድሞ ገዥ ግብር አብልቶ፣ ሠራዊቱን አስከትሎ፣ በደጁ ችሎት ተቀምጦ ይገዛ ነበር። አሁን ግን ጠረጴዛና መዝገብ፣ ማኅተምና የደብዳቤ ቍጥር መጣ። አምስት ዓመት በዱር ያደረ ሰው ጠጕሩን አሳጥሮ ከጸሐፊ ፊት እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ በአጠገቡም ለጠላት አድሮ የነበረ፣ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ራሱን አበጥሮ ተቀምጦ ሊያገኘው ይችል ነበር። የብዙ አርበኞች ቅሬታ ከዚህ ተነሣ።

ከአንድ ዱር የወጡት የሁለት ሰዎች ዕድል ይህን ያስረዳል። ኀይሉ በለው የራስነት ማዕርግ ተቀብለው የጎጃም ገዥ ሆኑ። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው የብቸና አገር ተሰጣቸው፤ ሹመቱ ግን ከድካማቸው አንሶ ታያቸው ተብሎ ይነገራል። ከመንግሥት ጋራ ተጣልተው ሸፈቱ፤ ተይዘው የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። የዱር ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም። መዝገብና ጠረጴዛ ግን ከዱር የተለየ ሥራ ነው፤ ያን ሥራ ለአርበኛው በትዕግሥት የሚያስለምድ፣ ድካሙንም በሚገባ የሚቈጥር ሰው መጥፋቱ አገርን ብዙ አስከፍሏል።

በሌላው ዓለምም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። በጃፓን አገር የጦር ሰዎች ጠጕራቸውን በአናታቸው ላይ ይቋጥሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. መንግሥታቸው ያን ቋጠሮ መተው እንደሚቻል ዐወጀ፤ በ1873 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሜጂ ራሳቸው ተቈረጡ፤ ሕዝቡም ተከተለ። የጦር ሰው ወደ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፋብሪካ በሚገባበት ዘመን የራሱ አያያዝ ከሥራው ጋራ ይለወጣል። እኛም ይህንኑ ሁለተኛ ጊዜ አይተናል። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ታጋዮች አዲስ አበባ ሲገቡ የከተማው ሰው የተመለከተው ጎፈሬአቸውንና ቁምጣቸውን ነበረ። ብዙ ሳይቈይ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ጠጕራቸውን አሳጥረው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው በየሚኒስቴሩ ተቀመጡ። ሕዝቡም ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸው ስለ ፍርድና ስለ እህል ዋጋ ነበረ።

እንግዲህ ታሪክ ለሁለቱም ተከራካሪዎች መልስ አለው። ረዥም ጠጕር ባዕድ ነው ለሚለው፣ ነገሥታቱና አርበኞቹ በቂ መልስ ናቸው። አርበኛ አባቶቼን መስያለሁ ለሚለው ጐልማሳ ግን አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የአባቶችህ ጎፈሬ የታሰረበት ሥራ ነበረው፤ የአንተስ ከምን ሥራ ጋራ ታስሯል? መልሱ «ደስ ስላለኝ ነው» ቢሆን ኀጢአት አይደለም፤ ነገር ግን የአርበኛን ክብር በዚያ መዋስ አይገባም። የአርበኞች በዓል በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሲከበር በአንበሳ ጎፈር ተሸልመው የሚታዩት አረጋውያን ያን ክብር የተቀበሉት በረኃብና በጥይት ዋጋ ነው።

ለመሥሪያ ቤት ሹማምንትም የሚነገር አለ። ደንብ ስታወጡ ሥራን የሚጠብቅ ደንብና ጥላቻን የሚያገለግል ደንብ አንድ አይደሉም። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጠጕሩን ይሰብስብ ቢባል ትክክል ነው፤ የሚዞረው ቺንጋ ጠጕር ቢይዝ ሰው ይገድላልና። በሽተኛ የሚያክም፣ ለሰው ምግብ የሚሠራም ይሸፍን ቢባል ተገቢ ነው። ንጽሕናም ከረዥሙም ከአጭሩም ባለ ጠጕር ይፈለጋል። ነገር ግን የድኻ ልጅ ፈተናውን አልፎ፣ ማስረጃውን ይዞ ሲመጣ፣ ዕውቀቱን ሳትጠይቁ ስለ ጠጕሩ ብቻ ከደጅ ብትመልሱት፣ ወርቁን ትታችሁ በሰሙ ፈረዳችሁ። ያ ልጅ እናቱ በግ ሸጣ ያስተማረችው ሊሆን ይችላል፤ ተመልሶ የሚገባውም ወደ እርሷ ቤት ነው።

ሊቁን በቅኔው፣ ዳኛውን በፍርዱ፣ ገንዘብ ያዡን በሒሳቡ መርምሩት። ራሱ የጠና ሆኖ ካገኛችሁት ጕተናው ሥራውን እስካልከለከለ ድረስ ተዉለት። ራሱ ያልጠና ከሆነ ግን፣ ምላጭ አምጥታችሁ ብትላጩት እንኳ ለዚያ ወንበር አይበቃም።